ድንበር የለየውን ውሃ ያገናኘዋል

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱ የሚነገረው ማንም ፍጥረት በመጨረሻ የሚያርፈው ከወገኑ ዘንድ መሆኑን ለማሳየት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ከአጎቱ ቤት ለመድረስ የሁለት መንግሥታትን ኬላ ማለፍ፣ የጕዞ ወረቀት ማሳየት፣ ብሩን በሽልንግ መመንዘር፣ መኪናውንም ከመንገዱ ቀኝ ወደ ግራ ማዛወር የሚያስፈልገው ሲሆን ተረቱ ምን ይሆናል? አጎትዬው የውጭ አገር ሰው ነውን? ወይስ አሁንም አጎት ነው?

ይህ ጥያቄ ለክርክር ያህል የተፈጠረ አይደለም። በደቡብ ድንበራችን በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የቦረናን ሕዝብ ምሳሌ አድርገን፣ የመንግሥታት ድንበር የአንድን ሕዝብ ማንነት ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል፣ ምን ያህልስ ሊለውጥ እንደማይችል ለመመልከት አስበናል። ነገሩን በተለይ ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ነገ በአንዱ ጠረፍ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ከፊታቸው የቆመውን ከብት አርቢ «አንተ የወዴት ሰው ነህ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ቀላል አይደለም።

ሦስት ዘመን የሚቈጠርባት ከተማ

ሞያሌ ከአዲስ አበባ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከናይሮቢም የምትርቀው ከዚሁ ብዙ በማይለይ መንገድ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ዋና ከተሞች ዳር አገር ናት። ከያቤሎ እስከ ማርሳቢትና እስከ ኢሲዮሎ ተበትኖ ለሚኖረው ለቦረና ሕዝብ ግን ዳር ሳትሆን መካከል ናት። አንዱ ዳር ያለውን ሌላው መካከል ብሎ ሲጠራው ነገሩ የሚጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በሞያሌ ኬላ ከሰሜን የመጣው መኪና በቀኙ ሲነዳ ቈይቶ መሥመሩን ሲያልፍ ግራውን ይይዛል። በገበያው ብርም ይሠራል፤ ሽልንግም ይሠራል። በወዲህኛው ሰፈር ያሉት ተማሪዎች አዲሱን ዓመት በመስከረም ሲቀበሉ፣ የማዶዎቹ ታኅሣሥ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይቀበላሉ። የሚገርመው ግን ስዋሂሊ ተናጋሪው የማዶ ሰው ሰዓት ሲናገር ልክ እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ መቍጠሩ ነው፤ የጧቱን ሰዓት አንድ ሰዓት ይለዋል እንጂ ሰባት አይለውም።

ከእነዚህ ከሁለቱ የዘመን አቈጣጠሮች ሌላ ከሁለቱም የማይገጥም ሦስተኛ አለ። ይህም የቦረና የራሱ ነው። በጨረቃና በከዋክብት አካሄድ የተመሠረተ ሆኖ አሥራ ሁለት ወራት አሉት፤ ቀኖቹም በ27 ስሞች ይጠራሉ። ይህን የሚያውቁት ሊቃውንት አያንቱ ይባላሉ። ዓመታቱ ደግሞ በስምንት ስምንት ይታሰራሉ፤ እያንዳንዱም ስምንት ዓመት በዘመኑ አባ ገዳ ስም ይጠራል። ሽማግሌዎች አንድ ድርቅ ወይም አንድ ጦርነት መቼ እንደሆነ ሲጠየቁ «በእገሌ ገዳ» ብለው የሚመልሱት ስለዚህ ነው። በ2017 ዓ.ም. ሥልጣኑ ከ71ኛው አባ ገዳ ከኩራ ጃርሶ ወደ 72ኛው አባ ገዳ ወደ ጉዮ ቦሩ ተላልፏል። ስምንትን በ71 ያባዛ ሰው 568 ዓመት ያገኛል። በዚህ በዓል ላይ ከኬንያ በኩል የመጡ ቦረናዎችም ተገኝተው ነበር። የመጡት ግን የጎረቤት አገር በዓል ለማየት አልነበረም፤ የራሳቸው ዘመን ሲለወጥ ለማየት ነበር።

መሥመሩ እንዴት ተሰመረ?

ድንበሩ ከገዳው ጋር ሲመዛዘን የትናንት ነገር ነው። በ1880ዎቹ ማለቂያ ላይ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ቦረና ዘለቀ። በዚያው ዘመን እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ ነበር፤ ከሐዲዱ በስተሰሜን ያለው አገር የት ላይ እንደሚያበቃም ማወቅ ፈለጉ። በ1895 ዓ.ም. አርቺባልድ በተር የተባለ ስኮትላንዳዊ ወጪውን ችሎ፣ ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ የተባለው የእንግሊዝ መኰንን ደግሞ አገሩን እየለካ አንድ የድንበር መሥመር በካርታ ላይ አቀረቡ። ይህም የሞድ መሥመር እየተባለ ይጠራል። ይህን ጥናት መሠረት በማድረግ በምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በአዲስ አበባ ከተማ ኅዳር 1900 ዓ.ም. ውል ተፈረመ። በፈረንጆች አቈጣጠር ታኅሣሥ 1907 መሆኑ ነው።

መሥመሩ በብዙ ስፍራ የደጋውን ጫፍ ግርጌ ይዞ ይሄዳል። ለካርታ ሠሪ ይህ መልካም ነገር ነው፤ ተራራና ቍልቍለት በዐይን ይታያል። ለከብት አርቢ ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። ከላይ ያሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ባብዛኛው በኢትዮጵያ በኩል ቀሩ። ከታች ያለው፣ ዝናም በጣለ ጊዜ ሣር የሚያበቅለው ሰፊ ቆላ ደግሞ ባብዛኛው ለእንግሊዝ ደረሰ። ውሃው ወዲህ፣ ሣሩ ወዲያ ሆነ ማለት ነው። ላም ደግሞ ያለ አንዱ አትኖርም።

በ1901 ዓ.ም. ሜጀር ቻርልስ ግዊን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መኰንን ድንበሩን በምድር ላይ ምልክት ሊያደርግ መጣ። ሥራውን የፈጸመው የኢትዮጵያ መልእክተኞች ሳይኖሩ ስለ ነበር ኢትዮጵያ ሳትቀበለው ቀረች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ብዙ ዓመት ቈየ። ኬንያ በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች በካይሮ ተሰብስበው፣ አባሎቹ አገሮች ነጻ ሲወጡ የወረሷቸውን ድንበሮች እንዲያከብሩ ወሰኑ። የኢትዮጵያና የኬንያ የመጨረሻው የድንበር ውል የተፈረመው ግን ሰኔ 1962 ዓ.ም. በሞምባሳ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ዘመን ነው። ድንበሩ በጠቅላላው 860 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው።

የካይሮው ውሳኔ ትክክል ነበር ብለን እናምናለን። በአፍሪካ አንድ ሕዝብ ለሁለት ያልተከፈለበት ድንበር እምብዛም አይገኝም። ሁሉም ድንበሩን በወገኑ ልክ ልስፋ ቢል አህጉሩ የጦር ሜዳ በሆነ ነበር። ነገር ግን ድንበሩ እንዲጸና መወሰን አንድ ነገር ነው፤ በድንበሩ ላይ የሚኖረው ሰው እንዴት ይኑር የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ተወስኗል። ሁለተኛው ግን በየዕለቱ የሚወሰን ነው።

የራሳቸው ድንበር

ቦረናዎች ከካርታው መሥመር እጅግ የቀደመ የራሳቸው መሥመር አላቸው። ሕዝቡ በሙሉ ሳቦና ጎና ተብሎ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላል። እያንዳንዱም ወገን በውስጡ ብዙ ጎሣዎች አሉት፤ የሃይማኖት አባት የሆነ ቃሉም አለው። ማንም ቦረና በተወለደ ጊዜ የአባቱን ወገን ይዞ ይወለዳል፤ ወይ ሳቦ ነው፣ ወይ ጎና ነው። ሁለቱንም ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በዚህ ሥርዓት ሳቦ ሳቦን አያገባም፤ ጎናም ጎናን አያገባም። ሚስት የምትመጣው ከወዲያኛው ወገን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ መሥመር ሕዝቡን ለሁለት ከከፈለው በኋላ ራሱ መልሶ ያጋባዋል። እያንዳንዱ ሰው አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው ናቸው። ከመሥመሩ ማዶ ያለው ወገን ባዕድ ሊሆን አይችልም፤ አማት ነው፣ የእናት ወንድም ነው።

አንድ ከብት አርቢ በሐሳባችን እንውሰድ። ቤቱ ከድንበሩ በስተደቡብ፣ በኬንያ ሶሎሎ አጠገብ ነው፤ ወገኑም ሳቦ ነው እንበል። ከአጥሩ ጋር አጥር የገጠመችው ጎረቤቱ ልጅ ሳቦ ከሆነች፣ የአንድ አገር ዜጎች፣ የአንድ መንደር ልጆች፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቢሆኑም ሊያገባት አይፈቀድለትም። ከድንበሩ በስተሰሜን፣ በኢትዮጵያ ሜጋ አጠገብ የምትኖረውን የጎና ልጅ ግን ሊያገባ ይችላል። የመንግሥቱ ሕግ የመጀመሪያይቱን ወገንህ፣ ሁለተኛይቱን የውጭ አገር ሰው ይላታል። የአባቶቹ ሕግ ደግሞ ሚስትህ የምትሆነው ሁለተኛይቱ ናት ይለዋል። ይህ ሰው ሁለቱንም ሕጎች አክብሮ ይኖራል። አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አላስፈለገውም።

የትውልድን ዝምድና ከአገር ዜግነት ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው ይህን ሊረዳው አይችልም። ዜግነት መብትና ግዴታ ነው፤ ግብር፣ ምርጫ፣ ዳኝነት፣ መታወቂያ ነው። ዝምድና ደግሞ የትዳር፣ የሐዘን፣ የድርቅና የመጠለያ ጉዳይ ነው። ሁለቱ የሚጋጩት አንዱ የሌላውን ሥራ ልሥራ ያለ ጊዜ ነው።

ዘጠኙ ጕድጓዶች

ከሁሉ በላይ ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው ውሃው ነው። በቦረና ቱላ የሚባሉት ዘጠኝ የጥንት ጕድጓዶች የታወቁ ናቸው፤ ዱብሉቅ፣ ዌብ፣ ጋዮና መልባና ከእነዚሁ መካከል ናቸው። አንዳንዶቹ እስከ 30 ሜትር ጥልቀት አላቸው። ከብቶቹ በተቈፈረ ቍልቍለት ወርደው ከገንዳው ይጠጣሉ። ከገንዳው በታች ደግሞ ወጣቶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው የውሃውን ማንቆርቆሪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። ድካሙን የሚያስረሳውም ዜማ ነው፤ አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። «የሚዘምሩት ጕድጓዶች» ተብለው በዓለም መጠራታቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ጕድጓዱ ባለቤት አለው፤ መጀመሪያ የቈፈረው ሰው ዘር አባ ኮንፊ ይባላል። ውሃው ግን አይሸጥም። የዕለቱን ተራ የሚያደላድል አባ ሄሬጋ የሚባል ሹም አለ፤ ማን ዛሬ፣ ማን ነገ፣ ማን ከነገ ወዲያ እንደሚያጠጣ ይወስናል። በበጋ ከብት በየሦስተኛው ቀን ስለሚጠጣ የአንድ ቀን ስሕተት የመንጋ ሞት ሊያመጣ ይችላል። ተራውን ያዛባ በሽማግሌ ይዳኛል። ተራ የሚያገኝበት ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጎሣውን፣ ሥራውንና ከጕድጓዱ ጋር ያለውን ዝምድና ነው። በየትኛው መንግሥት ግዛት ውስጥ እንዳደረ የሚጠይቀው የለም።

አንባቢ ይህን ካወቀ በኋላ ወደ 1900ው ውል እንመለስ። በዚያ ውል ውስጥ ድንበሩ በየትኛው ተራራና በየትኛው ወንዝ እንደሚያልፍ ከተዘረዘረ በኋላ አንድ ሌላ ቃል ሰፍሯል። በመሥመሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ነገዶች እንደ ቀድሞው በማዶው ግጦሽ ለመጠቀም መብት እንዳላቸው፣ በዚህም ጊዜ ለደረሱበት አገር ዳኝነት እንደሚገዙ፣ ወደ ጕድጓዶቹም በነጻ ለመድረስ እንደሚችሉ ይናገራል። ውሉን የተፈራረሙት ለቦረና ሲሉ መሥመራቸውን አላጠፉትም። ሰውየው የሚኖረው በሣርና በውሃ መካከል በመመላለስ መሆኑን ግን አልዘነጉም። መሥመሩን ሲያሰምሩ በሩን ከፍተው ተዉ። ይህን ውል ያነበበ ወጣት ሹም ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ጥበብ ያገኝበታል ብለን እናስባለን፤ ዳኝነት በአገሩ ይሁን፣ ውሃ ግን አይከልከል የሚል ነው።

ይህ ነገር የታሪክ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ጊዜ ማስረጃ እንጨምር። ቦረና ዋና ዝናሙን ገና ይለዋል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል። ሁለተኛውም ሐጋያ ይባላል፤ በመከር ወራት ይመጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ሳይሆኑ ቀሩ። በቦረና በሚሊዮን የሚቈጠሩ ከብቶች አለቁ። ድርቁ በድንበሩ ላይ አልቆመም፤ የማርሳቢትም የኢሲዮሎም አርቢ እንዲሁ ባዶ እጁን ቀረ። በቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው ተሰብስቦ ላም የሚሰጥበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። ነገር ግን ሰጪውም ተቀባዩም አብረው በደኸዩ ጊዜ ሥርዓቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያዳግትም። እንዲህ ባለ ዓመት ወዲያና ወዲህ መንቀሳቀስ መቻል የሕይወት ጉዳይ ነው።

መዝገቡና ሰውዬው

እስካሁን የተናገርነው ድንበሩ ያልለወጠውን ነው። የለወጠውንም መናገር ይገባናል። አንድ ሕዝብ ለመቶ ዓመት በሁለት መንግሥታት ሥር ኖሮ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል ማለት አይቻልም።

የሕዝብ ቈጠራን እንመልከት። በኬንያ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ቦረና ተብለው የተመዘገቡት ሰዎች ቍጥር 276 ሺህ ያህል ነበር። በዚያው መዝገብ ገብራ፣ ሳኩዬ፣ ኦርማና ቡርጂ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ተቈጥረዋል። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቈጠራ ግን ቦረና የሚል የተለየ መደብ የለም፤ ቦረናው የተቈጠረው ኦሮሞ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ቢኖሩ አንዱ በመዝገብ ኦሮሞ፣ ሌላው በመዝገብ ቦረና ይባላሉ። ሁለቱም መዝገቦች አልዋሹም። ሰውዬው ሁለቱንም ነው። ነገር ግን መዝገቡ አንዱን ስም ብቻ ሲጠራ ከዘመን ብዛት ሰውዬውም ራሱን በዚያው ስም አስቀድሞ መጥራት ይለምዳል።

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። የወዲህኛው ልጅ በኦሮምኛ ይጀምራል፤ አማርኛና እንግሊዝኛ ይከተላሉ። የማዶው ልጅ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ያድጋል። በሃይማኖትም ልዩነት መጥቷል። በ1920ዎቹ ከዋጂር ወደ ኢሲዮሎ በኩል የተዛወሩት ቦረናዎች ባብዛኛው እስልምናን ተቀብለዋል። በዳርቻው ያሉት ደግሞ ከጥንቱ እምነት ጋር ቈይተዋል፤ ከሁለቱም በኩል ክርስቲያን የሆኑ አሉ። ሊቃውንቱ እንኳ በመሥመሩ ተከፍለው ነበር ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ፖል ባክስተር በ1940ዎቹ ቦረናን ያጠናው በኬንያ በኩል ነው። ዶክተር አስመሮም ለገሠ ደግሞ በ1950ዎቹ ያጠኑት በኢትዮጵያ በኩል ነው፤ ስለ ገዳ የጻፉትም መጽሐፍ በ1965 ዓ.ም. ታትሟል። የሁለቱን ጽሑፎች ጐን ለጐን የሚያነብ ተማሪ ስለ አንድ ሕዝብ እያነበበ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ የሁለቱ ወገን ኑሮ መለያየት መጀመሩንም ይረዳል።

በኬንያ በኩል ያለው ቦረና ሌላም ፈተና ነበረበት። በእንግሊዝ ዘመን ሰሜኑ ጠረፍ ዝግ ወረዳ ሆኖ ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ክልክል ነበር። ከዚህ የተነሣ የሰሜኑ ሰው ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ «ወደ ኬንያ ልሄድ ነው» የማለት ልማድ አደረበት። ነጻነት በቀረበ ጊዜ ደግሞ ጠረፉ ወደ ሶማሊያ ይቀላቀል ወይስ በኬንያ ይቅር የሚል ብርቱ ክርክር ተነሣ። በኢሲዮሎ የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአውራጃ አስተዳዳሪ የነበረው ዳውዲ ዳባሶ ዋቤራና የቦረናው ባላባት ሐጂ ጋልማ ዲዶ ሕዝቡ በኬንያ እንዲቀር ሲያስረዱ በነበረበት ወራት፣ በሰኔ 1955 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ዋቤራ ገና ወጣት ሹም ነበር። ዛሬ በናይሮቢ መካከል በስሙ የሚጠራ ጐዳና አለ። ከዚያ ወዲያ እስከ 1960 ዓ.ም. በቈየው የሽፍታ ጦርነት የኢሲዮሎ ቦረናዎች በጥበቃ ሥር በመንደር ተሰብስበው ከብታቸውን አጡ።

ስለ ኬንያ አንድነት ሲል የሞተ ሹም ያለው ሕዝብ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መታወቂያ ሲጠይቅ እንደ ሌላው ዜጋ በቀላሉ አይሰጠውም ነበር። ተጨማሪ ምርመራ ይደረግበት ነበር፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ይህ በእርግጥ የእኛ ነው፤ ከማዶ የመጣ አይደለም» ብለው እንዲመሰክሩለት ይፈለግ ነበር። ይህ አሠራር እንዲቀር ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ ያወጁት በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ወጣት አንባቢያችን ይህን በልቡ እንዲይዝ እንለምናለን። ከማዶ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ በገዛ አገሩ በጥርጣሬ የሚታይ ከሆነ፣ ለአገሩ ያለው ፍቅር የሚቀዘቅዘው በዘመዱ ምክንያት ሳይሆን በጥርጣሬው ምክንያት ነው።

ዝምድና ሁልጊዜ ሰላም አያመጣም

ነገሩን አሳምረን ብቻ ብናቀርበው አንባቢን ማታለል ይሆንብናል። ከድንበር ማዶ ወገን ያለው ሰው በችግሩ ጊዜ የሚጠጋበት ቤት አለው፤ በጠቡም ጊዜ የሚጠራው ተዋጊ አለው። በሞያሌና በዙሪያዋ የሚኖረው ቦረና ብቻ አይደለም። ግመል አርቢው ገብራ አለ፤ ቋንቋው ከቦረና ጋር አንድ ነው። ገሪ አለ፣ ቡርጂ አለ፣ ሌሎችም የሶማሌ ወገኖች አሉ። ሁሉም ከመሥመሩ በሁለቱም በኩል ዘመድ አላቸው። በኢትዮጵያ በኩል ያለችው ሞያሌ ራሷ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ሁለት አስተዳደር አላት፤ ከኬንያው ጋር ሦስት መሆኑ ነው።

በሐምሌ 1997 ዓ.ም. በኬንያ ቱርቢ በተባለች መንደር ከቦረናና ከገብራ ጠብ የተነሣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናት ሳይቀሩ ተገደሉ። በሐምሌ 2004 ዓ.ም. በሞያሌ በቦረናና በገሪ መካከል በተነሣው ውጊያ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ወደ ኬንያ ሸሸ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያችው ከተማ ወታደሮች በተሳሳተ መረጃ ሰላማዊ ሰዎችን ከገደሉ በኋላ ከዐሥር ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ድንበሩን ተሻገረ። እንዲህ ባለው ጊዜ መሥመሩ አንዱን ሲከለክል ሌላውን ያስጠልላል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ደም በኋላ መፍትሔው የመጣው ከወዴት ነው? በ2001 ዓ.ም. የቦረናና የገብራ ሽማግሌዎች በኬንያ ማይኮና ተሰብስበው የሰላም ቃል አደረጉ። ነገር ግን የአንዱ አገር ቃል ብቻውን እንደማይበቃ አወቁ፤ ገዳይ ወይም ሌባ ድንበር ተሻግሮ ቢሸሸግ ማን ይይዘዋል? ስለዚህ በ2002 ዓ.ም. ከኬንያ ዱካናና ከኢትዮጵያ ዲሎ ያሉት ሽማግሌዎች ተገናኝተው ስለ ከብት ስርቆትና ስለ ነፍስ ግድያ የሚከፈለውን ካሣ በሁለቱም በኩል የሚሠራ አድርገው ተስማሙ። የሁለቱ መንግሥታት ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊደርሱበት ያልቻሉትን ስፍራ የሽማግሌዎች ቃል ደረሰበት።

ቦረናዎች ለዚህ የሚሆን ታላቅ ሸንጎም አላቸው። በየስምንት ዓመቱ በጋዮ ጕድጓድ አጠገብ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ ሕግ ያወጣል፤ የቀድሞውን ያሻሽላል። ወደዚህ ሸንጎ ከኬንያም ይመጣሉ። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ የሚታወስ ነው። ለእኛ ግን ዋናው መመዝገቡ አይደለም፤ ዛሬም መሥራቱ ነው።

ሁለት ስሕተቶች

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በጠረፍ ወንበር ላይ የተቀመጠው ወጣት ሹም ሁለት ስሕተቶች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ስሕተት መሥመሩን ብቻ ማየት ነው። ከማዶ የመጣውን ሁሉ ባዕድ፣ ወደ ማዶ የሚሄደውንም ሁሉ ኮንትሮባንድ ነጋዴ አድርጎ መቍጠር ነው። እንዲህ የሚያስብ ሹም ሕዝቡን በጎን መንገድ እንዲሄድ ያስተምረዋል እንጂ አያስቆመውም። በ860 ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ዘበኛ ማቆም ይቻላል?

ሁለተኛው ስሕተት ደግሞ ዝምድናውን ብቻ ማየት ነው። «እነዚህ አንድ ሕዝብ ናቸው፤ ድንበር ምን ያደርግላቸዋል?» ማለት ነው። ይህም ቸርነት ይመስላል እንጂ አደገኛ ነው። ድንበሩ የማዶውን ሰው የሌላ አገር ባለ መብት አድርጎታል። ልጁ በዚያ ይማራል፤ ድምፁን በዚያ ይሰጣል፤ ስለዚያ አገር የሞቱለት ሰዎች አሉት። ዘመዱ ነን ብለን ዜግነቱን ብናቃልልበት ክብሩን መንካት ነው። ከዚህም በላይ በዝምድና ስም ድንበር ልግፋ ያለ ሁሉ በአፍሪካ ቀንድ ምን ያህል እልቂት እንዳመጣ ታሪክ ያስተምረናል።

መካከለኛው መንገድ በ1900ው ውል ውስጥ የተጻፈው ነው፤ በጕድጓዱ አጠገብ ያለው አባ ሄሬጋም ሳይጻፍለት የሚያውቀው ነው። ዳኝነቱ የአገሩ ይሁን። ግብሩ፣ ወረቀቱ፣ ጸጥታው በሕግ ይጠበቅ። ነገር ግን ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ ሸንጎውና ውሃው በር ይኑራቸው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የከፈቱት የጋራ ኬላ፣ የሁለቱም አገር ሹማምንት በአንድ ስፍራ ተቀምጠው መንገደኛውን በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግዱት የታሰበ ነው። ይህ ለጭነት መኪናና ለነጋዴ ጥሩ ጅምር ነው። ከብቶቹን ነድቶ የሚመጣው አርቢ ግን በኬላው ሕንፃ በኩል አያልፍም፤ እርሱን የሚያገኘው በጫካው መንገድ የሚዘዋወረው ታናሽ ሹም ነው። ስለዚህ ለአርቢው መንግሥት ማለት ይህ ታናሽ ሹም ነው።

ሁለት ቦረናዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው። «ናጋ?» ብሎ አንዱ ይጠይቃል፤ «ናጋ» ብሎ ሌላው ይመልሳል፤ ሰላም ማለት ነው። ከዚያም ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ጕድጓዱ እያንዳንዱ በየተራው ይጠየቃል። «የወዴት ሰው ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወደ ጠረፍ ለሥራ የሚሄድ ወጣት ይህንኑ የጥያቄ ቅደም ተከተል ተምሮ ቢሄድ እንመክረዋለን። ወረቀቱን መጠየቅ ግዴታው ነው፤ ይጠይቅ። ነገር ግን አስቀድሞ ሰላምታውን ያድርስ፤ ከብቶቹም ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ይጠይቅ።